የአክስቴ ነጠላ እና የሜንዴል አተር

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ የተናገርኩት ነው። ከተቀዳው ድምፅ እንዳለ ተገልብጧል። "ይሰማል? ማይኩ ይሠራል?" የሚለውን ብቻ አውጥቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ? ኧረ ምሳ አልበላችሁም እንዴ፣ ጠንከር አድርጉት! እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። እንዲህ ነው እንጂ።

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፤ ቅዳሜን የሚያህል ቀን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች፣ ግቡ፤ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ከኋላ የሚቆም ሰው ለምን ከኋላ እንደሚቆም አውቃለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሐኪም አይደለሁም። የባዮሎጂ መምህርት ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ታማሚም ነኝ። ዛሬ የምናገረው በሁለቱም አፍ ነው።

አዘጋጆቹ ርእሱን "የዘረ መል ልዩነትና ለሆርሞን በሽታዎች ያለን ተጋላጭነት" ብለው ጻፉልኝ። ሳየው እኔው ራሴ ደነገጥኩ። በእኛ አማርኛ እኮ አጭር ነው። "ዘር ከልጓም ይስባል" እንል የለ? ጥያቄው ይኸው ነው። ዘር ምን ያህል ይስባል? ልጓሙስ ዝም ብሎ ጌጥ ነው?

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ሆርሞን ምንድን ነው። ሁለተኛ፣ ዘር በምን በኩል ይገባበታል። ሦስተኛ፣ ማታ ቤታችን ገብተን ምን እናድርግ። ሁለተኛው ይረዝማል፤ ከአሁኑ ይቅርታ። ከሁሉ በፊት ግን ስለ አክስቴ።

አክስቴ ፒያሳ ነበር የምትኖረው፤ ያ ሰፈር ዛሬ ፈርሷል። አክስቴ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ሳትጠመጥም ከቤት አትወጣም። በጋ የለ፣ ክረምት የለ። ሰርግ ላይ እንዲሁ፣ ለቅሶ ላይ እንዲሁ። እኛ ልጆቹ ለምን እንደሆነ ስንጠይቅ "ብርድ አይስማማትም" ይሉናል። አመንን። ትልቅ ሰው ከተናገረ ማን ይጠራጠራል?

ዓመታት አለፉ። አርባ ስድስት ዓመቴ ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰሌዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አቃተኝ። ቡና ስቀዳ ሲኒው ይንጫጫል። ተኝቼ እንኳ ልቤ ደረጃ እንደወጣ ሰው ይመታል። በሐምሌ ብርድ መስኮት ከፍቼ አድራለሁ። እበላለሁ፣ እከሳለሁ። ጓደኞቼ ምን አሉኝ መሰላችሁ? "እንዴት አምሮብሻል! ምን ዓይነት ዳይት ጀመርሽ?" እኔም ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ታይፎይድ ነው አሉኝ። ሳቃችሁ? ሁላችሁም አንድ ጊዜ ታይፎይድ ተብላችኋል ማለት ነው። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ምንም የለም። ሌላ ቦታ ጨጓራ ተባልኩ። ሌላ ቦታ ጭንቀት ተባልኩ። በዚህ መሀል አንድ ወጣት ሐኪም አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። "በቤተሰብዎ ውስጥ የእንቅርት ወይም የታይሮይድ ችግር የነበረበት ሰው አለ?" አለኝ። ልጁ ልክ ነበር። እኔ ምን መለስኩ? "በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም!" ኮራ ብዬ ነው ያልኩት። እሱም አመነኝ፤ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። አንድ ዓመት ገደማ የተቃጠለው በዚያች መልስ ነው።

በመጨረሻ የሆርሞን ምርመራ ታዘዘልኝ። ግሬቭስ የሚባለው በሽታ ነው። የሰውነታችን የመከላከያ ኃይል ታይሮይድ ዕጢን "ሥሪ፣ ሥሪ፣ አታቁሚ" እያለ የሚያጣድፍበት ሕመም። ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ዝም አለች። ሲኒውን አስቀመጠች። ከዚያ "የአክስትሽ ነው" አለችኝ።

አክስቴ በወጣትነቷ አንገቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ነበር። ነጠላው የሚሸፍነው ጠባሳውን ነው። መጀመሪያ ሳታገባ "እንቅርታም" እንዳትባል ተደበቀ። ካገባች በኋላ ደግሞ ልጆቿን የሚያገባ እንዳይጠፋ ተደበቀ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ።

ሠላሳ ዓመት የሜንዴልን አተር አስተማርኩ። ግሬጎር ሜንዴል፣ መልክና ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ በአተር ያጠናው መነኩሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመውን። ክቡ አተር፣ የተጨማደደው አተር፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው። ሰሌዳ ላይ ሣጥን እየሳልኩ ስንቱን ልጅ አስለፋሁ። የገዛ ቤቴን አተር ግን አላየሁትም።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ። ሆርሞን መልእክተኛ ነው። ከዕጢ ይወጣል፣ በደም ይጓዛል፣ ሩቅ ያለ አካል ጋ ደርሶ ትእዛዝ ያቀብላል። አንጎላችን ሥር ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። መጠኗ የአተር ፍሬ ያህል ነው። አተር አይለቀኝም! እሷ አንገታችን ላይ ያለውን፣ ቢራቢሮ የሚመስለውን ታይሮይድ ታዛለች። ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶልን ይሠራሉ። ሲበዛም ያማል፣ ሲያንስም ያማል፤ እንደ ወጥ ጨው በሉት። ለአንደኛው ነጥብ ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው። ድሮ ክፍል ውስጥ "ጂን" ስል ከኋላ የተቀመጡት "ጂኒ! ጂኒ!" እያሉ ያውኩኝ ነበር። ስለዚህ "ዘረ መል" እላለሁ፤ ከወላጅ የምንወርሰው የሰውነታችን መመሪያ ነው። ሰው ወደ 20,000 የሚሆኑ ዘረ መሎች አሉት። ሁሉም ነገር የተጻፈው በአራት ፊደል ብቻ ነው። የእኛን ገበታ የቆጠረ ልጅ በአራት ፊደል ይስቃል። ግን ጽሑፉ ይረዝማል፤ ሦስት ቢሊዮን ፊደል ገደማ ነው። አጠገባችሁ ያለውን ሰው እዩት። ከእሱ ጋር ከሺህ ፊደል 999ኙ አንድ ነው። የምትለያዩት ከሺህ በአንዱ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? የሦስት ቢሊዮን አንድ ሺህኛ ስንት ነው? ሦስት ሚሊዮን!

ታዲያ ልዩነት ሁሉ በሽታ ነው? አይደለም። "ሰላም"ን በእሳቱ ሰ ጻፉት፣ በንጉሡ ሠ ጻፉት፤ ምን ይለወጣል? እኔ መምህሯ እቆጣ ይሆናል እንጂ ሰላም ሰላም ነው። አብዛኛው የዘረ መል ልዩነት እንዲህ ነው። አሁን ደግሞ "አበባ" ብላችሁ ጻፉ። መሀሏን "በ" ወደ "ባ" ለውጡ፣ መጀመሪያውን እንዳለ ተዉት። "አባባ" ሆነ! አንድ ፊደል ነች፤ ቃሉ ግን ሌላ ሆኖ ቁጭ አለ። እንዲህ ያሉም አሉ።

አንዳንድ የሆርሞን በሽታ የሚመጣው ከዚህ ከሁለተኛው ዓይነት ነው። አንዲት የተበላሸች ዘረ መል ትበቃዋለች። ምሳሌ ልስጣችሁ፤ እዚህ ላይ እናቶች በደንብ ስሙኝ። አድሬናል ዕጢ ኮርቲሶልን ለመሥራት አንድ ኤንዛይም፣ ማለትም ሥራውን የሚያስኬድ ፕሮቲን፣ ያስፈልገዋል። የዚያ ኤንዛይም ዘረ መል በእናትም በአባትም በኩል ተበላሽቶ ከተወረሰ ሕፃኑ ኮርቲሶል ያንሰዋል። ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ደህና ቅጂ ስላላቸው ምንም አያውቁም። በእያንዳንዱ እርግዝና ግን ከአራት አንድ ዕድል አለ። ከተወለዱ 15,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ላይ ይከሰታል። ጠንከር ባለው ዓይነት ሕፃኑ ሳምንት ሁለት ሳምንት ደህና ይሆናል፤ ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ይደርቃል። ጨው ከሰውነቱ እየወጣ ነው። በሴቶቹ ላይ የብልት አፈጣጠር ስለሚለወጥ ሐኪም ሲያይ ሊጠረጥር ይችላል። ወንዱ ግን ሲወለድ ምንም ምልክት ላይታይበት ይችላል። "ምች ነው"፣ "ዐይን ነው" ይባላል። ይቀበራል። ቀጣዩም እንዲሁ። ሆርሞኑን የሚተካ መድኃኒት ቢጀመርለት እኮ ያድጋል! ቤታችሁ በዚህ መልክ ሕፃናት የሞቱባት እናት ካለች ይህን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። የሚቀጥለውን ልጅ ሊያተርፈው ይችላል።

ሌላው ደግሞ ከአንድ ወላጅ ብቻ የሚበቃው ነው። ሬት የሚባል ዘረ መል አለ፤ የምንጠጣው ሬት አይደለም። እሱ ሲበላሽ አንድ ዓይነት የታይሮይድ ካንሰር ያመጣል። ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ለግማሽ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1993 ከታወቀ ወዲህ ምርመራው ባለበት አገር የተበላሸውን ዘረ መል የወረሰው ልጅ ካንሰሩ ሳይጀምር ዕጢው ይወጣለታል። የቤተሰብ ወሬ ሕይወት ያተርፋል ስላችሁ ለማጋነን አይደለም።

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። የዘረ መል ነገር ሁሉ የሚወረስ አይደለም። ክላይንፌልተር የሚባል አለ። ከ500 እስከ 1,000 ከሚሆኑ ወንዶች አንዱ አንድ ትርፍ የኤክስ ክሮሞሶም፣ ማለትም አንድ ትርፍ የዘረ መሎች ጥቅል፣ ይዞ ይወለዳል። ከወላጅ ጥፋት የለበትም፤ ሲፈጠር የሚሆን ነው። ብዙዎቹ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ያንሳቸዋል፣ ልጅ መውለድ ይቸገራሉ። አሁን ወደ እኛ ሰፈር ኑ። ልጅ ጠፋ። ማን ትመረመራለች? እሷ። ማን ጠበል ትጠመቃለች? እሷ። ማን "መካን" ትባላለች? እሷ። እሱ ስንት ጊዜ ደም ሰጠ? አባቶች፣ አትቆጡኝ፣ አንድ ቱቦ ደም ናት።

ወደ መንገዴ ልመለስ። አብዛኞቻችንን የሚነካው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ሴት ልጆቻችን "ሆርሞኔ ተዛባ" የሚሉት፣ ወር አበባ እየዘለለ አገጭ ላይ ጠጉር የሚያበቅለው ችግር። ይህ የመጨረሻው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ አሥር ሴቶች በአንዷ ገደማ ላይ አለ። በእነዚህ ውስጥ ጥፋተኛ አንድ ዘረ መል የለም። ብዙ ትናንሽ ልዩነቶች አሉ፤ እያንዳንዷ ትንሽ ትንሽ ትገፋለች። እንደ ዕቁብ ነው፤ የአንድ ሰው መዋጮ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ሲሰበሰብ ግን ይከብዳል።

ዘር ምን ያህል ይስባል? እንዴት ይለካል? በመንትዮች ነው የሚለካው። አንድ ዓይነት መንትዮች ፊደላቸው አንድ ነው። ዴንማርክ ውስጥ መንትዮችን መዝግበው አዩ። ከአንድ ዓይነት መንትዮች አንዱ ግሬቭስ ሲይዘው ሌላውም የታመመው ከመቶ 35 ላይ ነው። በመልክ የማይመሳሰሉት መንትዮች ላይ ግን ከመቶ 3 ብቻ። ከ3 ወደ 35! ዘር ይስባል ማለት ነው፤ በደንብ ይስባል። አሁን ግን ቁጥሩን ገልብጡት። ፊደሉ አንድ ሆኖ 65ቱ አልታመሙም! እኔ ይህን ያነበብኩ ቀን ተቀምጬ አለቀስኩ። ልጄን እያሰብኩ ነበር።

ስኳርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አይስላንድ ያሉ ተመራማሪዎች ለዓይነት ሁለት ስኳር ትልቅ ድርሻ ያላትን አንዲት የዘረ መል ልዩነት አገኙ። ትልቅ ስል ምን ያህል? አንድ ቅጂ የያዘ ሰው ዕድሉ 40 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከመቶ አሥር ይታመም የነበረ ቢሆን አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ይሆናል ማለት ነው። ትልቋ ይህች ከሆነች የሌሎቹን አስቡት።

ልጓሙስ? ልጓሙ ይሠራል! አሜሪካ ውስጥ ስኳር አፋፍ ላይ የነበሩ ሰዎችን ወሰዱ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ ወጣ፤ የታመመው ሰው ቁጥር በ58 በመቶ ቀነሰ። ቆይተው ያቺን የአይስላንዷን ልዩነት የያዙትን ለይተው አዩ። እነሱም ተጠቀሙ። 150 ደቂቃ ማለት ከዚህ ስድስት ኪሎ ደርሶ መመለስ ነው፤ በሳምንት ጥቂት ቀን። ታክሲ ሰልፍ ላይ የምናቃጥለው ጊዜ ይበልጣል።

አባባ፣ እጅዎን አየሁ፤ ጥያቄ ለመጨረሻ እናድርገው? እሺ፣ ይበሉ። ... ጥያቄውን ልድገመው፤ ከኋላ አልተሰማም። "በእኛ ቤት ሁሉም ቀጭን ነው፣ ሁሉም በወጣትነቱ ስኳር ይይዘዋል፤ ይህስ?" ነው የሚሉት። አመሰግናለሁ፣ ልዘለው ነበር።

ቀጭን ሆነው፣ ሃያዎቹ ውስጥ፣ አያት፣ አባት፣ ልጅ በተከታታይ ከያዘ አንዲት ዘረ መል ብቻዋን የምታመጣው ስኳር ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዳንዱ ከኢንሱሊን ይልቅ በእንክብል ጥሩ ይያዛል። አንዱ ዓይነት እንዲያውም ብዙ ጊዜ መድኃኒት አይፈልግም። ግን አደራ፣ አባባ፤ ማንም በራሱ ኢንሱሊን እንዳያቆም። ሐኪሙ ጋ ሄደው ሦስቱን ትውልድ ይንገሩት። እሱ ይወስን።

ደግሞ ቀጭን ወጣት ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ አንድ ጥናት ወጣ። ዓይነት አንድ ስኳር ከተባሉት ወጣቶች 65 በመቶ ያህሉ የዓይነት አንድ ስኳር መለያ የሆኑት ፀረ አካላት፣ ማለትም የመከላከያ ኃይል የገዛ ቆሽትን ሲያጠቃ በደም ውስጥ የሚታዩት፣ አልተገኙባቸውም። በዘረ መላቸውም የተለመደው ስጋት ያነሰ ነበር። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው ስኳር "ዓይነት አምስት" ብሎ እውቅና ሰጠ። በልጅነቱ የተራበ ሰው ባለበት አገር ይህን ማወቅ ለእኛ ትርፍ ነገር አይደለም።

ለምን እስከዛሬ አልታወቀም ትሉኝ ይሆናል። ከዚህ ወደ አምስት ኪሎ ውጡ። ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ድንቅነሽ አለች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። የሰው ታሪክ እዚህ ነው የረዘመው። ስለዚህ በዘረ መል ልዩነት የአፍሪካን ሕዝብ የሚያህል የለም። ከአፍሪካ ወጥተው ዓለምን የሞሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ከትልቅ ድስት በአንድ ጭልፋ የወጣ ወጥ በሉት። ታዲያ ሳይንሱ ምን አደረገ? ድስቱን ትቶ ጭልፋውን አጠና! እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ዘረ መልን ከበሽታ ጋር በሚያያይዙ ጥናቶች ከገቡት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። አፍሪካውያን 2 በመቶ! እና አሁን ከውጭ ዘመድ የምራቅ መመርመሪያ ልኮላችሁ "ለስኳር ያለህ ስጋት ይህን ያህል ነው" ቢላችሁ፣ ቁጥሩ በማን ተለካ ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ቤተሰብ የሚጋራው ዘር ብቻ አይደለም። መሶብም ይጋራል፣ ጨውም ይጋራል። በአገራችን ብዙ ሰው እንቅርት ያወጣው ከአዮዲን እጥረት ነው። እናትና ልጅ አንድ ላይ ቢያወጡ "ዘራቸው ነው" ይባላል፤ ጨዋቸው ሊሆን ይችላል! ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያዝ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። እናንተም ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ። አዮዲን በሙቀት ይጠፋል።

ሦስተኛው ነጥብ። ሰዓቴ አልቋል ይሉኛል፤ ደግነቱ አጭር ነው። ወረቀት እየታደለ ነው። መሀሉ ላይ ስማችሁን ጻፉ። ከላይ እናትና አባት፣ ከዚያ አያቶች፤ ከጎን አክስት፣ አጎት። የእናትንም የአባትንም ወገን። አሁን ማታ ስልክ ደውላችሁ የምትጠይቁት አለ። "ስኳር ነበረበት ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ የዱሮ ሰው የበሽታውን ስም አያውቀውም። "እግሩን የተቆረጠ አለ?" በሉ። "ዐይኗ ፈጦ የነበረ አለች? ስትበላ የምትከሳስ? አንገቱ ያበጠ? በሳምንቱ የሞተ ሕፃን ነበረ? ያልወለደ ማን ነው?" ደግሞ በስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁ። በሰማንያ ዓመት የመጣ ስኳርና በሃያ ዓመት የመጣ ስኳር ሁለት ታሪክ ናቸው።

"ይህን ሁሉ ጽፌ ልጄን ማን ያገባታል?" የምትል እናት እዚህ እንዳለች አውቃለሁ። የእኔም እናት ያሰበችው ይህንኑ ነው። ወረቀቱን ለአማች አሳዩ አላልኩም። ለሐኪም አሳዩ ነው ያልኩት። የእኔ ልጅ በየዓመቱ ታይሮይዷን ትመረመራለች፤ አንድ የደም ምርመራ ናት። አታጨስም፤ ሲጋራ ግሬቭስንም ከእሱ የሚመጣውን የዐይን ችግርም እንደሚያባብስ ነግሬያታለሁ። እስካሁን ደህና ነች። እኔም በመድኃኒት ደህና ነኝ፤ ማይኩን ይዤ ቆሜ አያችሁኝ፣ አይንቀጠቀጥም።

ወረቀቱ ከኋላ ደረሰ? ያልደረሳችሁ እጅ አውጡ። ቡናው ደርሷል አሉ፣ በስተቀኝ በኩል ነው። እስክሪብቶ የሌላችሁ ከእኔ ውሰዱ። ግን መልሱልኝ፤ የመምህር እስክሪብቶ እንዴት እንደሚጠፋ እኔ ነኝ የማውቀው።